ተራ የማይጠብቅ ጦርነት

የጦርነት ጨዋታ ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ፕሩሺያ ላይ ነው። አንድ ባሮን ኮረብታና ወንዝ ያለበት ገበታ ሠርቶ ለንጉሡ አሳየ፤ መኮንን ልጁ ደንቡን አሻሽሎ አሳተመ፤ ከዚያም የአውሮፓ የጦር ትምህርት ቤቶች ተቀበሉት ይባላል። ነገሩ እውነት ነው። ሆኖም ሐሙሲት ላይ ቆሞ ጣናን በስተምዕራብ፣ የደብረ ታቦርን ደጋ በስተምሥራቅ ለሚያስብ ሰው ታሪኩን ከዚያ መጀመር የቤቱን ዕቃ ጎረቤት ሄዶ እንደመፈለግ ነው። ይህ አገር የመሳፍንት ጦር የተመላለሰበት፣ ራሶች የከተሙበት፣ መኳንንቱም የአገሩን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ ዘርግተው ያመሹበት አገር ነው። እዚህ ላይ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው። የታሪክ ጦርነት ጨዋታ የሚመዘነው የዘመኑ ሰው ጦርነትን እንዴት ያየው እንደነበር በደንቡ ውስጥ በመገኘቱ ነው፤ የጠጠሩ ብዛትና የካርታው ውበት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። በዚህ ሚዛን ሰንጠረዥ እንደ አንድ የታሪክ ሰነድ ሊነበብ ይገባዋል፤ የ1834ቱን የደብረ ታቦር ውጊያ በገበታ ላይ ልሥራ የሚል ሰውም ከፕሩሺያው ባሮን በፊት ይህንን ሰነድ ቢያገላብጥ ያተርፋል።

ማስረጃው ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በቤተ መንግሥታቸው ይኖር የነበረ ቢቺኒ የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት ነበር። ጨዋታው በዚያን ጊዜ ከአደባባይ ሰዎች ልማድ ገብቷል ማለት ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ግን በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አሕመድ ተሸነፉ፤ የቀረውን ዘመናቸውንም ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ አሳለፉ። ሰንጠረዥ ጦርነት ያስተምራል ለሚል ሰው የመጀመሪያው መልስ እዚሁ ላይ አለ፤ ተጫዋቹ ንጉሥ ምን ተማሩ? ተቃውሞው ትክክል ነው። ጨዋታው የጦር አዛዥ ያፈራል የሚል ሐሳብ የለኝም። ገበታ የሚያሳየው ሰዎች ስለ ጦርነት የነበራቸውን ግምት ነው፤ ግምቱ ደግሞ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ያስበላል። ያ ረጅም ጦርነት በ1535 ዓ.ም. ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ያበቃው ኢማሙ በመገደላቸው ነበር። መሪው ሲወድቅ ብዙ ድል ያየው ሠራዊት ተበተነ። ንጉሡ ሲያዝ የቀረው ጠጠር ሁሉ ዋጋ የሚያጣበትን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይገረምም።

አሁን ገበታውን ቀረብ ብለን እንየው። እንደ ዛሬው ቼዝ ነጭና ጥቁር ቤት የለውም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነው፤ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ በቁምና በአግድም እየሄደበት 64 ቤት ያወጣለታል። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ፊልን ሳባ የሚሉትም ነበሩ። በቼዝ ንግሥት ሆና ገበታውን የምታምሰው ጠጠር እዚህ ፈርዝ ነው፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚሄድ ደካማ። ፊሉም በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል እንጂ ርቆ አይሄድም። ጉልበቱ ያለው ደርና ፈረስ ዘንድ ነው። ከሌላው ዓለም ሰንጠረዥ የሚለየው ግን መክፈቻው ነው፤ ስሙም ወረራ ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነትና የፈለጉትን ያህል ጊዜ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ያኛው ፈረሱን በግራ ሲያወጣ ያየ ይኼኛው ደሩን ይመልሳል፤ ደሩ መመለሱን ያየ ደግሞ መደቁን ይገፋል። ዓይን ከተቃራኒው እጅ አይነቀልም። ይህ የሚቀጥለው አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ይሆናል።

ጨዋታ ለሚነድፍ ሰው ይህ ደንብ ትልቅ ነገር ነው፤ ጦርነት ተራ ይጠብቃል ብሎ የሚያምን የለምና። ጠላት አንተ እስክትሰለፍ ቁጭ ብሎ አያይም። በዘመነ መሳፍንት ደግሞ ክተት ከተባለበት ቀን አንሥቶ እስከ ውጊያው ጠዋት ያለው ጊዜ ራሱ ጦርነት ነበር፤ ሠፈር ለሠፈር ተፋጥጦ መሰንበት፣ ቦታ መለዋወጥ፣ የሌላውን ባላባት ማስከዳት፣ የሚሸሸውን መቀበል። ወረራ ይህን ክፍል አልዘለለውም። እዚህ ላይ ግን አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ሰንጠረዥ ከፋርስና ከዐረብ የመጣ ነው፣ የጥንቱ ጨዋታ አከፋፈት ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ ስለዚህ ወረራ ጊዜ ለመቆጠብ የተፈጠረ ዘዴ ብቻ ሊሆን ይችላል ይባላል። የመጀመሪያው ነጥብ አያከራክርም፤ ፊልና ፈርዝ የሚሉት ስሞች ራሳቸው ከየት እንደመጡ ይመሰክራሉ። ሁለተኛውም ግማሽ እውነት አለው። ዐረቦችም ያንኑ ችግር አይተው ነበር፤ መፍትሔያቸው ግን ሌላ ነው። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አል አድሊና አል ሱሊ የተባሉ ሊቃውንት የታወቁ አሰላለፎችን በመጽሐፍ መዝግበው ስም ሰጧቸው፤ ተጫዋቹ ከመዝገቡ መርጦ ወደዚያ አሰላለፍ ይሄዳል። አንዱ አገር ችግሩን በመጽሐፍ ፈታው፣ ሌላው በዓይን ፍጥጫ። ጊዜ መቆጠብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚቀናው የመጀመሪያው ነበር። የእኛ ሰዎች የመረጡት ግን ወታደሩ ሠፈር ውስጥ የሚያውቀውን ነው።

በ1800ዎቹ መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጡት እንግሊዛውያን ሄንሪ ሶልትና ናትናኤል ፒርስ የአገሩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ የሚወዱ ሰው እንደነበሩ ጽፈዋል። አውሮፓውያኑን የገረማቸው ጫጫታው ነው። እነሱ ዘንድ ቼዝ የዝምታ ጨዋታ ነው፤ እዚህ ግን ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ይመክራል፣ ይከራከራል፣ እንዲህ አድርግ ይላል። የጦር ምክር ቤት ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። በዚያው ዘመን በሌላው የዓለም ጫፍ ሰዎች ጦርነትን ገበታ ላይ የማምጣት ችግር ይዘው ይታገሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1780 ሄልቪግ የተባለ የብራውንሽቫይግ መምህር ቼዝን ወስዶ 1,617 ቤት ባለው ትልቅ ገበታ ላይ ዘረጋው፤ ለቤቶቹም ረግረግና ተራራ፣ ወንዝና መንደር ሰጣቸው። ተራው ግን እንደ ቼዝ ቀረ። በ1812 ሽማግሌው ፎን ራይስቪትስ ገበታቸውን ለፕሩሺያ ንጉሥ አቀረቡ፤ በ1824 ደግሞ የመድፍ መኮንን የነበረው ልጃቸው ደንቡን አሳተመ። ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን ለዳኛ ይሰጣሉ፣ ዳኛው ሁለቱንም ባንድ ላይ ያስፈጽማል፤ አንዱ ዙር የሁለት ደቂቃ እውነተኛ ጊዜ ነው፤ የማይታየው ጠላት በካርታው ላይ አይቀመጥም። ራይስቪትስ ተራን ያስወገደው በዳኛ ነው፤ ሰንጠረዥ በወረራ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ወደ አንድ በር ደርሰዋል። የራይስቪትስ ብልጫ ጨለማውን ማስገባቱ ነው፤ በሰንጠረዥ ሁሉም ይታያል። ይህን ጉድለት መካድ አያስፈልግም።

ከዚያ ደብረ ታቦር ትመጣለች። ከተማዋ ከጉና በስተምዕራብ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ የየጁ ራሶች መናገሻ ሆናለች። ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት የሚባሉት እንደ ዐፄ ሣህለ ድንግልና ዐፄ ዮሐንስ 3ኛ ያሉት ራሶቹ እንደፈለጉ ያወጧቸዋል፣ ያወርዷቸዋል። ሁሉም የሚዋጋው በንጉሡ ስም ነው፤ ንጉሡ ግን ከአንድ ቤት በላይ መሄድ አይችልም። ሰንጠረዥን የሠራው ዘመነ መሳፍንት አይደለም፤ ዘመነ መሳፍንት ግን ሰንጠረዥ ሲጫወት ራሱን ሳያይ አልቀረም።

በ1834 ዓ.ም. ጥር ማብቂያ ላይ የሰሜንና የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ጦራቸውን ይዘው ደብረ ታቦር ደረሱ። የምፅዋ በር ለአገራቸው ቅርብ በመሆኑ ከሌላው መስፍን የበለጠ ጠመንጃ ነበራቸው፤ ከጥቂት ወራት በፊት ከግብፅ የመጡት አቡነ ሰላማም ከጎናቸው ነበሩ። የደብረ ታቦሩ የየጁ ገዥ የራስ አሊ ክርስትና የይስሙላ ነው የሚለው ወሬ ለውቤ እንደ ሁለተኛ ጦር አገልግሏል። የራስ አሊ ኃይል ፈረሰኛው ነበር። ውጊያው ተገጠመ፤ ጠመንጃው ሥራውን ሠራ፤ ራስ አሊ ሜዳውን ጥለው ሸሹ። እዚህ ላይ ማንኛውም መደበኛ የጦርነት ጨዋታ ያበቃል። ነጥቡ ተቆጥሮ ውቤ አሸነፉ ተብሎ ጠጠሩ ወደ ሳጥኑ ይገባል። በእውነቱ ግን ያ ቀን ገና አልመሸም ነበር። የውቤ ጦር ድሉን ሊያከብር ተቀመጠ፤ በዚያው መሐል ከአሊ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ጥቂት ሰው ይዘው ሠፈሩ ላይ ወደቁበት። ደጃዝማች ውቤ ከነልጆቻቸው ተያዙ፤ አቡኑም እጅ ገቡ። ርቀው የሄዱት ራስ አሊ ማሸነፋቸውን የሰሙት ከሰው አፍ ነው።

ይህ ታሪክ ለጨዋታ ነዳፊ ፈተና ነው። ቀላሉ መንገድ ነገሩን በዕድል ማስረዳት ነው፤ ዳይስ ተወርውሮ ስድስት ሲወጣ ብሩ አሊጋዝ ይመጣሉ ማለት። እንዲህ ያለው ደንብ ውጤቱን ይደግመው ይሆናል፤ ምክንያቱን ግን አያውቀውም። የውቤ ጦር የተበተነው ሽሽት ሁሉ ሽንፈት ነው ብሎ ስለገመተ ነው። በዚያ ዘመን ውጊያ ሲያልቅ ጀግናው ግዳዩን ይዞ ጌታው ፊት ይቀርባል፣ ይፎክራል፣ ይሸለማል፤ ምርኮ ይከፋፈላል። ሹመትና መሬት የሚገኘው በዚህ ነውና ለወታደሩ ከውጊያው የማይተናነስ ጉዳይ ነው፤ አዛዡ ልከልክል ቢል እንኳ አይችልም። ስለዚህ የደብረ ታቦር ጨዋታ ድል የቀናውን ተጫዋች የሚያስቸግር ደንብ ያስፈልገዋል፦ ጠላት ሲሸሽ ጠጠሮችህ ከእጅህ ይወጣሉ፣ አንድ በአንድ ሰብስበህ እስክትመልሳቸው ድረስ ሠፈርህ ባዶ ነው። ተሸናፊው ደግሞ በገበታው ላይ ያልታየ አንድ ጠጠር ሊኖረው ይገባል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ውቤን የሚይዘው ሰው ይሸነፋል፤ በሁለተኛው መጠንቀቅ ይጀምራል፤ በሦስተኛው ግን ጥንቃቄው ራሱ ወታደሩን እንደሚያስከፋበት ያያል፣ ያልተሸለመ ጦር ይከዳልና። ነዳፊው ሐሳቡን ካመጣ በኋላ ደንቡን የሚፈትሸው አራሚ መቶ ጊዜ አስጫውቶ የሚያስተካክለው እንዲህ ያለውን ሚዛን ነው።

ውቤ አልተገደሉም። ራስ አሊ ካሣ ተቀብለው ወደ አገራቸው መለሷቸው፤ ደጃዝማቹም ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ገዙ። ይህም ለዛሬ ሰው ግራ ነው፤ የያዘውን ጠላት ማን ይለቃል? አሊ የለቀቁት ያለ ውቤ ሰሜንን የሚይዝላቸው ሰው ስላልነበራቸውና ሌሎቹ መሳፍንት ስለሚያይሉባቸው ነው። በሰንጠረዥም ንጉሥ ይያዛል እንጂ አይበላም፤ ከገበታው አይነሣም።

ከውጊያው ጥቂት ጊዜ በኋላ ዋልተር ፕላውደን የተባለ እንግሊዛዊ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በራስ አሊ ግቢ ተመላልሶ በ1842 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 1849) ከእሳቸው ጋር ውል የተፈራረመው ቆንስል ይኸው ነው። ከሞተ በኋላ በታተመው መጽሐፉ ስለ ሰንጠረዥ ከተጻፉት ሁሉ የተሻለውን መግለጫ ትቶልናል። ከሁሉ የሚያስገርመው ስለ ማሸነፊያው የጻፈው ነው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ ውበት የሌለው፣ የማያስመሰግን ድል ነው። በፊልና በፈርዝ ከሆነ ደህና ነው። በመደቆች ተባብሮ ንጉሡን መያዝ ግን ትልቅ ምስጋና ያሰጣል። በጠንካራ መሣሪያ ማሸነፍ የመሣሪያው ነው፤ በደካማው ማሸነፍ የሰውየው ነው የሚል ፍርድ በደንቡ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ሰው ይህ ጦርነትን አይመስልም፣ በጦርነት ድል ሁሉ ድል ነው ሊል ይችላል። ለናፖሊዮን እውነት ይሆናል። ለዘመነ መሳፍንት ባላባት ግን ድል ማለት ከድሉ በኋላ የሚነገርለት ነገር ጭምር ነበር፤ ማን ገደለ፣ በምን ገደለ፣ ፊት ለፊት ነው ወይስ አድፍጦ? የጠመንጃ ብዛት የነበራቸው ውቤ በደር ያሸነፉ ሰው ናቸው። ብሩ አሊጋዝ በመደቅ ያዟቸው።

ይህን ልማድ ያፈረሱት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ናቸው። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ የግብፅ መድፍ ጦራቸውን ሲያጭደው አይተው ነበርና ያንን ቀን አልረሱትም። በ1845 ዓ.ም. ኅዳር ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን፣ በሚያዝያ ታቁሳ ላይ የመሳፍንቱን የተባበረ ጦር፣ ሰኔ 23 ቀን አይሻል ላይ ራስ አሊን ራሳቸውን አሸነፉ። ሦስቱ ውጊያዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሆኑ ሌላው መስፍን ገና ክተት ሲል እሳቸው ደርሰው ነበር። ሌላው ሳይሰለፍ ጠጠር በልቶ ወረራውን መዝጋት ማለት ይህ ነው። በ1847 ዓ.ም. ደግሞ ደራስጌ ላይ ውቤን አሸንፈው፣ በዚያው ዓመት ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ወደ ዘመናቸው መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ እንደገና ደብረ ታቦር ላይ ናቸው፤ የመድፍ ናፍቆታቸው ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ ሚስዮናውያን ባለ እጆችን ሰብስቦ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠራ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ነሐስ ነው። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ለጨዋታ የተፈጠረ የሚመስል ጉዳይ ካለ ይህ ነው። በጨጨሆ፣ በዘቢጥ፣ በቤተ ሖር እያለፉ የጅዳን ገደል ወርደው ወጡ፤ ደላንታን አቋርጠው በሽሎ ገቡ። መንገድ አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገዱን ሠሩት። ጉዞው እስከ መጋቢት፣ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። በሌላ በኩል ንጉሠ ነገሥቱን ሊገጥም የመጣው የእንግሊዝ አዛዥ ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ከዙላ ተነሥቶ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ በሦስት ወር ገደማ ጨረሰ። ለመድፎቹ ከሕንድ 44 ዝሆን አስመጥቶ ነበር፤ በጨርቅ ገበታ ላይ ሁለት ቤት ሲዘል የኖረው ፊል በሥጋው መጣ ማለት ነው። ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞቱ፤ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ሰው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ወደቀች።

ይህ የገበታ ጨዋታ ይሁን ቢባል ውጊያው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቁም ነገሩ ያለው ጉዞው ላይ ነው። ቴዎድሮስን የሚጫወተው ሰው በየዙሩ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀርብለታል፦ መድፉን ጥለህ ብትሄድ አንድ ወር አትፈጅም፤ ትጥለዋለህ? እንደ ስልት ከታየ መጣል ነው። ንጉሡ ግን አልጣሉም፤ ያለዚያ መድፍ እሳቸው እሳቸው አይደሉም። ነዳፊው ይህን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ነጥብ ቢቀንስ ታሪኩን አበላሸው። መድፉ መቅደላ መድረሱ ራሱ የማሸነፊያ ነጥብ ሊሰጠው ይገባል። በመደቅ ማሸነፍን ከደር ያስበለጡት የጥንት ተጫዋቾች ይህ አይጠፋቸውም ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ መንገዶች ተለያዩ። ፕሩሺያ እ.ኤ.አ. በ1871 ፈረንሳይን ስታሸንፍ የራይስቪትስ ጨዋታ በየአገሩ የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ሰንጠረዥ ግን ከመኳንንቱ ደጅ አልወጣም፤ ከደጃዝማች ውቤ ቤት የሚወለዱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል በገና ከመደርደር ጋር ሰንጠረዥም ያውቁ ነበር። ካርታ ያጠኑትም ቢሆኑ ግን ይሳሳታሉ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የኢጣሊያ አዛዦች የያዙት ንድፍ ካርታ እንዳ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ ከቦታው ውጭ አስቀምጦ ነበር፤ ከአዛዦቹ አንዱ አልቤርቶኔም ስሙን ተከትሎ ከጓደኞቹ ርቆ ሄደ። ስለ ዐድዋ ጨዋታ የሚሠራ ሰው ለሁለቱም ወገን አንድ ትክክለኛ ካርታ ካደለ ገና ከመነሻው ተሳስቷል።

ሰንጠረዥ እስከ 1928ቱ የኢጣሊያ ወረራ ድረስ ይጫወቱት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የዓለሙ ቼዝ ተካው። በ1963 ዓ.ም. ገደማ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ጨዋታው የተጻፈውንና የሚታወሰውን ሰብስቦ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ላይ ባያወጣው ብዙው ይጠፋ ነበር። በዚያው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የገበታ ጦርነት የሕዝብ መዝናኛ ሆኗል። ቻርልስ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያውን ሸጠ፣ በ1958 ጌቲስበርግን አወጣ፤ ቆይቶም ባለ ስድስት ማዕዘን ቤት የተለመደ ሆነ። ከ1969 በኋላ ጂም ደኒጋን በሚያሳትመው መጽሔት በየእትሙ አንድ ጨዋታ እያጠፈ ያወጣ ነበር። አብዛኞቹ ግን ያንኑ የቼዝ ተራ ይዘው ቆዩ፦ አንተ ሁሉንም አንቀሳቅስ፣ ከዚያ እኔ። ይህ እንደማይበቃ ሲታወቅ ከከረጢት ጠጠር እያወጡ ተራን በዕጣ ማድረግ መጣ። አለን ካልሃመር በ1959 ያወጣው ዲፕሎማሲ ደግሞ ዳይስ የለውም፤ ሰባት ተጫዋቾች ይመካከራሉ፣ ይማማላሉ፣ ይካካዳሉ፣ ከዚያ ሁሉም ትእዛዙን ጽፎ ባንድ ጊዜ ይገልጠዋል። ካርታው የአውሮፓ ነው እንጂ ጠባዩ የየጁ፣ የሰሜንና የጎጃም ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀራሉ። አንደኛው፣ ስለ ሰንጠረዥ የምናውቀው ከባዕዳን ጽሑፍ ስለሆነ እንዴት የአገር ሐሳብ ምስክር ይሆናል የሚለው ነው። ፕላውደንና ፒርስ ትርጉሙን ሊስቱት ይችላሉ፤ ደንቡን ግን ከራሳቸው አላመጡም፤ ወረራን የሚመስል ነገር በአገራቸው አልነበረምና። ለእንግዳ ሰው የከበደው ነገር ሳይታረም ሲመዘገብ ይታመናል። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ሰው ያለቀበትን ነገር መጫወቻ ማድረግ ነውር አይደለም ወይ? በእሮጌ የወደቁትን 700 ሰዎች በካርቶን ቁራጭ መቁጠር ደስ አይልም። ነገር ግን ስለ ጦርነት ያለን ሌላው ልማድ ቀረርቶ ነው፤ ቀረርቶ ደግሞ የአንድ ወገን ብቻ ነው። ገበታ ቢያንስ የጠላትን ወንበር ያስይዝሃል። ውቤን ይዞ የተሸነፈ ልጅ ስለ ውቤ የሚናገረው ከመጽሐፍ ብቻ ካነበበው ይለያል።

እንግዲህ ካርታው ከሐሙሲት ይጀምር። ከአባይ ድልድዮች ተሻግሮ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ የጎጃም ጦር በደራ ያልፋል፤ ከፊቱ ጉማራ አለ፣ ከጉማራ ወዲያ የፎገራ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ ርብ። ሁለቱም ወንዞች ከጉና ይወርዳሉ። በበጋ ፈረሰኛ የሚጋልብበት ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ስለዚህ ያው ቤት በጥር አንድ እርምጃ፣ በነሐሴ አራት እርምጃ ይፈልጋል። በየሳምንቱ ሐሙስ የሚቆመው ገበያ ለጦሩ ስንቅ ነው፣ ለተጫዋቹም የወሬ ምንጭ፤ ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከቀኑ ነውና በገበታውም ላይ ሐሙስ ሐሙስ ከወዲያኛው ወገን አንድ የተሰወረ ጠጠር ገልጦ ማየት ይፈቀድ። ይህን ያህሉ ዛሬውኑ በብራናም በካርቶንም ሊሠራ ይችላል። የሚቸግረው ወረራው ነው፤ እጅ ከእጅ ጋር ሲሻማ ምን ይፈቀድ እንደነበር፣ ማን ይዳኝ እንደነበር ከመጽሐፍ ይልቅ ከአያቶቻቸው እግር ሥር ቁጭ ብለው ያዩ ሰዎች ይነግሩናል። በደራ፣ በፎገራ፣ በፋርጣ ወይም በእስቴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያየ አዛውንት በቤታችሁ ካለ፣ ሳታቆዩ ጠይቁና ደንቡን እንዳለ ጻፉት።